ይህን ያውቁ ኖሯል? ሚዜ ያጣላው ቴሌቪዥን

የዚህ ሳምንት አምዳችን እንደወትሮው ከወጥ ቤት፣ ከታሪክ፣ ከቴሌቪዥንና ከአራዶች ቋንቋ የተለቃቀመ ነገር ይዞላችሁ ሊቀርብ ተሰናድቶ ነበር። በመሀል አንድ ደብዳቤ መጣና «ቆይ፣ መጀመሪያ የኔን!» አለን። ደብዳቤው የተጻፈው ከቃሊቲ ነው። ይህን ስንናገር አንዱ ባልደረባችን ቀበል አድርጎ «ስንት ዓመት ተፈርዶበት ነው?» አለ። የቃሊቲ ልጆች ይህቺን ቀልድ ሰምታችሁ ሰምታችሁ እንደሰለቻችሁ እናውቃለን። ልጁ ግን እስረኛ አይደለም፤ ሙሽራ ነው። (ያገባችሁ ሰዎች «ልዩነቱ ምንድን ነው?» እንዳትሉን አደራ!)

ስሙንና ሰፈሩን ትተን ደብዳቤውን አሳጥረን እነሆ፦

«ዕድሜዬ 28 ነው። አንድ ጓደኛ አለኝ፤ ጓደኛዬ ከምለው ወንድሜ ብለው ይቀለኛል። ግድግዳ ተጋርተን ነው ያደግነው። የሱ እናት ለኔ እናት ናት፣ የኔም ለሱ እንደዚያው። ከሁለት ወር በኋላ ላለው ሠርጌ አንደኛ ሚዜዬ እሱ ነበር። ሱፉ ሁሉ ተለክቷል።

«ከሦስት ሳምንት በፊት እሑድ ከሰዓት፣ ኳስ እስኪጀምር ሰፈራችን ያለች አንዲት ቡና ቤት ቁጭ ብለን ወሬ ስንሰልቅ ‹የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መቼ ነው የተጀመረው?› የሚል ነገር ተነሳ። እኔ ‹በ1957› አልኩ። ይህን የነገረኝ አባቴ ነው። አባቴ ነፍሱን ይማረውና ዕድሜውን አቃቂ ፋብሪካ ውስጥ የገፋ ሰው ነበር። ‹የጃንሆይ የዘውድ በዓል ዕለት ነው የተከፈተው› እያለ ሁልጊዜ ያወራልኝ ነበር። ጓደኛዬ ስልኩን አወጣና ‹1964 ይላል› አለ። ‹ስልክህ ተሳስቷል› አልኩት። ‹እንወራረድ?› አለኝ። በ5,000 ብር ተወራረድን። ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ስልኩን እያየ ፈረደብኝ። እኔም ‹አልከፍልም!› አልኩ። ያኔ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ‹ታዲያ አባትህ ዋሽቶሃላ!› አለኝ።

«ከዚያን ቀን ወዲህ አልተነጋገርንም። እጮኛዬ ‹ቴሌቪዥን ሚዜ ነጠቀህ› እያለች ትስቅብኛለች። እናቴ ግን ታለቅሳለች። ለመሆኑ ማናችን ነን ልክ? እሱ ልክ ከሆነ ብሩን እከፍለዋለሁ። ሚዜነቱ ግን የሚመለስ አይመስለኝም።»

ወንድማችን፣ ነገሩን ሳናጓትተው መልሱን እንንገርህ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ! ከሁለታችሁም ይልቅ ልክ የነበሩት ደግሞ አባትህ ናቸው።

1957 እና 1964 አንድ ዓመት ናቸው

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። ቀኑ በፈረንጆች ኖቬምበር 2 ቀን 1964 ይሆናል። አባትህ ያሉት የዘውድ በዓልም ትክክል ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 23 ቀን 1923 ስለነበር ቴሌቪዥኑ የተከፈተው በ34ኛው ዓመት በዓል ነው። ጓደኛህ ዓመቱን ከስልኩ ላይ አነበበ፤ አባትህ ግን ዓመቱን ከነበዓሉ ነገሩህ። ከሁለቱ ማንኛው የበለጠ እንዳወቀ ፍርዱን ላንተ ትተናል።

ያኔ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነበር። ቀለም የመጣው 20 ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1977 መግቢያ ላይ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር ነው።

እግረ መንገዳችንን፣ ልዩነቱ አንዳንዴ 7 ዓመት፣ አንዳንዴ 8 ዓመት የሚሆነው ለምንድን ነው? ይህን ብዙ ሰው ይስተዋል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት ትጨምራላችሁ። የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ከገባ በኋላ ደግሞ፣ ማለትም ከታኅሣሥ 23 አንስቶ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ፣ 8 ዓመት ትጨምራላችሁ። በቃ፣ ይኸው ነው!

ልዩነቱ የመጣውም ጌታ የተወለደበትን ዓመት ከማስላት ነው። እኛ በ5ኛው መቶ ዓመት የነበረውን የእስክንድርያውን መነኩሴ የአንያኖስን ስሌት ይዘን ቀረን። ምዕራባውያን ደግሞ በ6ኛው መቶ ዓመት ሮም የነበረውን የዲዮኒስዮስን ተከተሉ። እንግዲህ የናንተ ጠብ አዲስ አይደለም፤ ሁለት መነኮሳት ከ1,500 ዓመት ገደማ በፊት የጀመሩት ነው። እነሱ ግን በ5,000 ብር አልተወራረዱም!

አቃቂም የራሷ ታሪክ አላት

እናንተ የቴሌቪዥኑን ስትጣሉበት ያላያችሁት ነገር አለ። ከቴሌቪዥኑ በፊት 30 ዓመት ቀድሞ፣ እዚያው አካባቢያችሁ የአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ ተመርቋል። ቀኑ ጥር 23 ቀን 1927 ነበር። በፈረንጅ ስንት ይሆናል? ጥር ከታኅሣሥ በኋላ ነውና 8 ጨምሩ፦ ጃንዋሪ 31 ቀን 1935።

አስገራሚው ነገር ይህ ነው። ጣቢያውን የሠራው አንሳልዶ የሚባል የጣልያን ኩባንያ ነበር። በዚያው በፈረንጆቹ 1935 ጣልያን ልትወረን ስትዘጋጅ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌ መነን ድምፃቸውን ለዓለም ያሰሙት በሬዲዮ ነው። ጣልያን በሠራው ጣቢያ ጣልያን ተከሰሰች ማለት ነው። «ከቃሊቲ ወዲያ ምን አለ?» የሚላችሁ የፒያሳ ልጅ ካጋጠማችሁ ይህቺን ንገሩት።

የሚያጣሉ ሌሎች ጥያቄዎች

የኛ ሰው ውርርድ ይወዳል። ስለዚህ ሌላም ሚዜ እንዳይጣላብን ቡና ቤት ውስጥ ደጋግመው የሚነሱትን ጥያቄዎች እነሆ ሰብስበናል። ብዙዎቹ ላይ ሁለቱም ወገን እውነት አለው፤ የሚጎድለው «በማን ቆጠራ?» ወይም «መቼ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው።

1. አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ያሸነፈው በ1952 ነው በ1953?

በ1952። ነገር ግን ለጥቂት! ማራቶኑ የተሮጠው ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ሲሆን በኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነው። ማግስቱ እንቁጣጣሽ ነበር! አበበ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ፣ በሮም ጎዳና ችቦ እየበራለት የገባው በዓመቱ መጨረሻ ምሽት ነው። አንድ ቀን ቢዘገይ ኖሮ «1953» የሚለው ያሸንፍ ነበር።

2. ዓድዋ በፈረንጅ ማርች 1 ነው ማርች 2?

ሁለቱም። ጦርነቱ የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ሲሆን ያን ጊዜ በፈረንጆቹ ማርች 1 ቀን 1896 ነበር። ዛሬ ግን የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ላይ ነው። ቀኑን ማን አንሸራተተው? ፈረንጆች በአራት ዓመት አንዴ ፌብሩዋሪ ላይ አንድ ቀን ይጨምራሉ፤ በ1900 ግን ሕጋቸው ስለማይፈቅድ ሳይጨምሩ ቀሩ። እኛ ደግሞ በየአራት ዓመቱ በሉቃስ ዘመን መጨረሻ 6ኛዋን ጳጉሜን አንዘልም። በ2100ም እንዲሁ ስለሚዘሉ ከዚያ ወዲህ ገናችን በነሱ ጃንዋሪ 7 መሆኑ ቀርቶ ጃንዋሪ 8 ይውላል። የልጅ ልጆቻችሁ እንዳይጣሉ ይህን ገጽ ቆርጣችሁ አስቀምጡላቸው።

በነገራችን ላይ ጳጉሜን 6 የተወለደ ወዳጅ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። የልደት ስጦታ የምትገዙለት በአራት ዓመት አንዴ ነው።

3. 9 ሰዓት መቼ ነው?

ይህኛው ሳቅ ብቻ አይደለም። አንዲት የአቃቂ ልጅ ከዚህ በፊት እንዲህ ብላ ጽፋልን ነበር። ለሥራ ፈተና በእንግሊዝኛ መልእክት ተላከላትና «9:00» የሚለውን አንብባ ከቀኑ 9 ሰዓት ደረሰች። ፈታኞቹ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ፈትነው ጨርሰው ሄደዋል። ስድስት ወር የጠበቀችው ሥራ በስድስት ሰዓት ልዩነት አመለጣት።

እኛ ቀኑን ከንጋት እንቆጥራለን። ወደ ምድር ወገብ ስለምንቀርብ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በተቀራራቢ ሰዓት ትወጣለች፤ ስለዚህ ቆጠራው ይሠራልናል። ስዋሂሊ የሚናገሩት ኬንያውያንና ታንዛንያውያንም እንደኛው ነው የሚቆጥሩት፤ የጠዋቱን አንድ ሰዓት አንድ ይሉታል። ምክራችን አጭር ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ቀጠሮ ሲደርሳችሁ ደውላችሁ «በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው ባዶ ቢሮ በር ላይ መቆም ነው።

4. የአክሱም ነገሥታት ቀይ ወጥ ይበሉ ነበር?

የዛሬውን በበርበሬ የቀላ ወጥ ከሆነ የምትሉት፣ አይበሉም ነበር! በርበሬ የተገኘው ከአሜሪካ ምድር ነው። ኮሎምበስ በፈረንጆቹ 1492 እስኪደርስ ድረስ ከዚያ ምድር ውጪ በርበሬ የቀመሰ ሰው አልነበረም። ሚጥሚጣም እንዲሁ። ድንች፣ ቲማቲምና በቆሎም ከዚያው የመጡ ናቸው። በቆሎን አንዳንድ አገር ቤት ሽማግሌዎች «የባሕር ማሽላ» ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። ከባሕር ማዶ መምጣቱን ስሙ ይናገራል። ባሕር ዛፍም ከአውስትራሊያ ነው፤ ስሙን እዩት።

ታዲያ «በርበሬ የኛ ነው» ያለው ሰው ተሸነፈ? የለም። ዘሩ ከሌላ ቢመጣም ደልዞ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በኮረሪማ አዋዝቶ የምናውቀውን በርበሬ ያደረገው የኛ እናቶች እጅ ነው። ኮረሪማው ደግሞ የራሳችን አገር በቀል ነው።

5. ጤፍን ሆላንዶች ወስደውብናል?

አንዱ «ወስደዋል» ይላል፤ ሌላው «የፌስቡክ ወሬ ነው» ይላል። እዚህ ላይ «መቼ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ በፈረንጆቹ 2007 ከአውሮፓ የፓተንት መሥሪያ ቤት መብት አግኝቶ እንደነበር እውነት ነው። በ2018 ደግሞ ሔግ ያለ ፍርድ ቤት «ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም» ብሎ ፓተንቱን ሽሮታል፤ ይህም እውነት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሰው የጥንቱን ዜና ይዞ ቀርቷል፤ ሁለተኛው ደግሞ መጀመሪያውን አልሰማም።

6. ማኪያቶ ምንድን ነው?

በጣልያንኛ ቃሉ «ነጠብጣብ ያረፈበት» እንደማለት ነው። ሮም ብታዙ ጥቁር ቡና ላይ ጠብ የተደረገች ወተት ይመጣላችኋል። የአዲስ አበባው ማኪያቶ ግን ወተቱ የበዛ፣ አረፋ የለበሰ ነው። ጣልያን አገር ሄዳችሁ «ላቴ» ብቻ ካላችሁ ደግሞ የሚቀርብላችሁ አንድ ብርጭቆ ወተት ነው፤ ቡና የለውም። እዚያ የሄደ ዘመድ ያላችሁ ቀድማችሁ አስጠንቅቁት።

7. ለገሃር ኦሮምኛ ነው?

ለገጣፎና ለገዳዲ ኦሮምኛ ናቸው፤ «ለገ» ወንዝ ነው። ለገሃር ግን የፈረንሳይኛው «ላ ጋር» ነው፤ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ከጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ የደረሰው ባቡር የገባው በፈረንጆቹ 1917 ሲሆን፣ አቃቂንና ቃሊቲን ሳያቋርጥ ከተማ አይገባም ነበር። እንግዲህ ለገሃር ሳትሰለጥን የባቡር ፉጨት የሰማችው አቃቂ ናት። «ፉርጎ» የምንለውም የፈረንሳይኛ ቅሪት ነው። የናንተው ቱሉ ዲምቱ ደግሞ ንጹሕ ኦሮምኛ ነው፤ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው።

8. የቃሊቲ ልጅ አራዳ ሊባል ይችላል?

ይህቺ ብዙ አናግራለች። አራዳ በምኒልክ ዘመን የአዲስ አበባ ገበያ የነበረበት፣ የጊዮርጊስና የፒያሳ አካባቢ ነው። ገበያ ያለበት ልጅ ነገር ቶሎ ይገባዋልና «የአራዳ ልጅ» ብልጥ ማለት ሆነ። ያልገባው ደግሞ «ፋራ» ተባለ። ስለዚህ በሰፈር ቆጠራ የቃሊቲ ልጅ አራዳ አይደለም፤ በጭንቅላት ቆጠራ ግን ከፒያሳው ሊበልጥ ይችላል። «ሼባ» የምትሏቸው አባቶችም ስማቸው ከአረብኛ ሽበት የመጣ ነው። እስር ቤትን «ከርቸሌ» ያልነው ከጣልያንኛው «ካርቸሬ» ነው። ዛሬ ደግሞ «ቃሊቲ ወረደ» ይባላል። አያችሁ፣ የሰው ሰፈር ስም የእስር ቤት ስም ሲሆን ነዋሪው ምን ያህል ቀልድ እንደሚሸከም!

ወደ ሙሽራው እንመለስ

ወንድማችን፣ ከላይ ያለውን ሁሉ የዘረዘርነው ጠባችሁ የተለመደ መሆኑን እንድታይ ነው። ውርርዱ አቻ ነው፤ ማንም ለማንም አይከፍልም። የጎዳህ ግን ብሩ እንዳልሆነ ገብቶናል። «አባትህ ዋሽቶሃል» የሚለው ቃል ነው ያቆሰለህ። አባትህ መልስ ሊሰጡ በማይችሉበት ቦታ ነው ያሉት፤ ስለዚህ አንተ ተናደድክላቸው። ይህ የሚያስወቅስ አይደለም።

ጓደኛህም ቢሆን አባትህን ሊሰድብ አስቦ አይመስለንም። ግድግዳ ተጋርታችሁ ካደጋችሁ እሳቸው እሱንም ቆጥተውት፣ እሱንም አጉርሰውት ይሆናል። ውርርድ ያሞቀው ሰው አፉን አይቆጣጠርም። አንተም ብትሆን «በማን አቆጣጠር ነው የሚለው?» ብለህ ሳትጠይቅ «ስልክህ ተሳስቷል» ብለሃል። ጥፋቱ እኩል ነው አንልም፤ ግን ሁለት ነው።

የምንመክርህ እንዲህ ነው። ይህን ጋዜጣ ያዝና ወደሱ ሳይሆን ወደ እናቱ ቤት ሂድ። ቡና እንዲያፈሉ ጠይቃቸው። እሱ ሲመጣ «እኔም ልክ፣ አንተም ልክ፣ አባባ ግን ከሁለታችንም ልክ» በለውና አንብብለት። ይቅርታ እንዲጠይቅ አታስገድደው፤ እውነቱን ሲያይ ራሱ ይላታል። ከዚያ ሁለታችሁም ከውርርዱ ብር ጥቂት አዋጡና ያን እሑድ የፈረዱባችሁን ሰዎች እዚያችው ቡና ቤት ማኪያቶ ጋብዟቸው። በሰው ፊት የወጣ ቃል በሰው ፊት ነው የሚመለሰው። የአባትህ ስም የተነሳው እዚያ ነውና እዚያው ይከበር።

ሚዜነቱ ይመለሳል። ሱፉ ተለክቷል አላልከንም?

ለሌሎቻችሁ ደግሞ አንድ ቃል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይሉ ነበር አባቶች። እኛ ደግሞ ለቡና ቤት እንዲመች «ከመወራረድ መጠየቅ ይቅደም» ብለነዋል። ስልክ ቁጥሩን ይነግራችኋል፤ ቁጥሩ በማን አቆጣጠር እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ አይነግራችሁም። ያን የሚነግራችሁ ጎናችሁ የተቀመጠ ሼባ ነውና፣ ሳይሄዱባችሁ ጠይቋቸው።

የሳምንቱ ጥያቄ (ብር ማስያዝ ክልክል ነው!)፦ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የሚደርሰው ቀላል ባቡር ሥራ የጀመረው መስከረም 9 ቀን 2008 ነው። በፈረንጆቹ 2015 ነው ወይስ 2016? መልሱን በሚቀጥለው ሳምንት እናወጣለን። ከላይ ያለውን በደንብ ያነበበ ግን እስከዚያ አይጠብቅም።

ሳምንት ያገናኘን!